ዘጠነኛው ካርድ

በ2062 ዓ.ም. በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሄርሜላ ይልማ ሻይዋን ጠጥታ ሳትጨርስ በመሳቢያዋ ውስጥ ለዓመታት የኖሩ ዘጠኝ ጥያቄዎች ተመለሱ። በዕድሜ ትንሹ ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ትልቁ ሠላሳ አራት። ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ሄርሜላ በሐይቅ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ የሪፈረንስ ዴስክ ባለሙያ ናት። ሥራዋ ከዴስኩ ጀርባ ተቀምጣ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው። ባለፈው ዓመት አራት ሰዎች መጥተዋል። ሁለቱ መላሽ የሚባለው የጆሮ መሣሪያቸው ስለተበላሸባቸው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሊጠይቁ ነበር፤ አንዷ በር ተሳስታ ነው የገባችው፤ አራተኛው የጥገና ሠራተኛ ነበር፣ የዴስኩን ርዝመት ለክቶ ሄደ።

ሌላው ሰው ሁሉ መላሹን ጆሮው ላይ አድርጎ ይውላል። መላሽ ጠያቂው ጥያቄውን ሳይጨርስ ይመልሳል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሳይጀምረውም ይመልሳል። በግቢው ውስጥ ተማሪዎች ብቻቸውን እየሄዱ አንገታቸውን ሲነቀንቁ ይታያሉ። እየተመለሰላቸው ነው።

ሄርሜላ ሥራ የጀመረችው በ2026 ነው። ያኔ የፈተና ሰሞን ሰልፉ ከዴስኩ ተነሥቶ ደረጃው ድረስ ይወርድ ነበር። «ያ ቀይ ሽፋን ያለው መጽሐፍ» ብሎ ከዚያ ሌላ ምንም የማያስታውስ ተማሪ ይመጣል። አስተማሪው የሰጠውን ርዕስ በመዳፉ ላይ ጽፎ፣ ላቡ ግማሹን አጥፍቶበት የሚመጣም አለ። ለሁሉም መልስ የሚፈልጉት ያሠለጠኗት ጋሽ ምናሴ ነበሩ፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው። ያ ጊዜ ይናፍቃታል። ለጠየቃትም ላልጠየቃትም አትደብቅም፤ የሚጠይቃት ግን የለም።

ጋሽ ምናሴ ያስተማሯት ዋናው ነገር ሰው የሚፈልገውን በቀጥታ እንደማይጠይቅ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ነው ይሉ ነበር። መልሱን ሰጥተሽው ካልሄደ ገና አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማቸው ጥያቄው በተጻፈበት ካርድ ጥግ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይሥላሉ። ካርድ ደግሞ ከመሳቢያው የሚወጣው ጠያቂው የፈለገውን ሲያገኝ፣ ወይም ፊት ለፊት «ፈልገን አጣን» ሲባል ብቻ ነው። ሰው ጥያቄውን ሲተውልሽ አደራ ነው የሚተውልሽ ብለው ነገሯት፣ እሷም አመነቻቸው።

ያን ሰኞ ዘጠኙን ካርዶች ለመላሽ ያስነበበው የላይብረሪው ኃላፊ ያቤጽ ነው። ያቤጽ ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ትሑት፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ አንድ ሰው የተቀመጠበት ዴስክ ይኑረው የሚለው መመሪያ ተሽሯል። ዴስኩ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ሄርሜላም በዚያው ጡረታ ትወጣለች። የሚቀራት አንድ የመጨረሻ ትምህርት መስጠትና አንድ ቅጽ መፈረም ነበር። ቅጹ በመሳቢያው ያሉት ጥያቄዎች በሙሉ መመለሳቸውንና መልሱ ለጠያቂዎቹ መድረሱን በስሟ እንድታረጋግጥ ይጠይቃል።

ስምንቱን ካርዶች በደስታ አየቻቸው። ጋምቤላ የሚኖር አንድ ሐኪም፣ ተማሪ ሳለ ለጠየቀው መልሱ ደርሶት፣ በዚያው ደቂቃ ምስጋና ልኳል። የሞቱት የሁለቱ ጠያቂዎች መልስ ለልጆቻቸው ሄዷል። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች። ከመልሱ ሥር «ጠያቂዋ አልተገኙም፤ እንደተመለሰላቸው ይቆጠራል» ይላል።

ያቤጽ ለማስረዳት ሞከረ። ሴትዮዋ በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም፣ ነገሩም ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል አላት። ደግሞም ሄርሜላ ራሷ ያኔውኑ መልሱን ሰጥታቸው ነበር፤ መላሽ ያገኘው ቁጥር እሷ ካገኘችው ጋር አንድ ነው።

«መልሱስ ልክ ነው» አለችው። «ያላገኘሁት ጥያቄውን ነው።»

ለያቤጽ መላሹም ምንም የነገረው አይመስልም፤ እስከ ሐሙስ ጊዜ አለ ብሎ ሄደ።

ካርዱ ላይ የወጣትነቷ ጽሕፈት አለ። «ዘሀራ ሙሄ። ተማሪ ያልሆነች። ከዶርሞቹ ጀርባ። የሐይቁ ውኃ ከፍታ፣ ግንቦት 2011።» በቀኙ ጥግ ሦስት ማዕዘን ተሥሏል። መላሽ ሦስት ማዕዘኑን የቀለም ነጠብጣብ ብሎ መዝግቦታል።

ሄርሜላ ቀኑን ረስታው አታውቅም። ሰኔ 2028 ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ጣቶቿ በሳሙና የገረጡ ሴት መጥታ ይህን ጠየቀች። ሄርሜላ ፈልጋ አጣች፣ ሌላ ቀን ይምጡ አለች። በሁለተኛውም አልተገኘም። ከዚያ ግን እልህ ያዛት፤ ለውኃ ቢሮው ጻፈች፣ ደወለች፣ ለመነች፣ በመጨረሻ የልኬት መዝገቡ በፖስታ መጣላት። ሴትዮዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ገጹን ገልጣ በጣቷ እያመለከተች አሳየቻት። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የኮራችበት ቀን ጥቂት ነው። ሴትዮዋ ቁጥሩን አየች፣ አላህ ይስጥሽ አለች፣ አልሄደችም። ፊቷን ወደ ንባብ አዳራሹ አዙራ ቆመች።

ሄርሜላ ገብቷት ነበር። ግን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ፣ ሰርቪሱ ውጭ ጥሩንባውን እየነፋ ነበር። ሰርቪሱ ካመለጠ እስከ ደሴ መኪና መለመን ነው። «ነገ ይምጡ፣ እንጨዋወታለን» አለቻት፤ ቆማ ሦስት ማዕዘኗን ሣለችና ሮጠች። ሴትዮዋ በማግስቱ አልታየችም። በሌላውም ቀን አልታየችም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያ ጥሩንባ ጆሮዋ ላይ አለ።

ማክሰኞ ዕለት፣ ጠያቂ ይመጣል እንጂ አይፈለግም የሚለውን የዴስኩን ልማድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥላ፣ ካርዱን በቦርሳዋ ይዛ ከዶርሞቹ ጀርባ ወጣች። ሰውን መንገድ መጠየቅ ከቀረ ቆይቷል። መጀመሪያ ያስቆመችው ወጣት የታመመች መስሎት ወደኋላ አለና ክሊኒክ ልጥራልዎ ወይ አላት። ሁለተኛው በትሕትና ወደ ጆሮው አመልክቶ አለፈ። ሦስተኛዋ በርበሬ የምታሰጣ አሮጊት ነበረች፤ ራሷን ቀና ሳታደርግ «ዘሀራ አጣቢዋን ነው?» አለችና በአገጯ ጥቁሩን በር አሳየቻት።

ዘሀራ ሰባ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ደክሟል፣ ዓይኗ ግን በመነጽር ደኅና ነው። ልጆቿ መላሽ ገዝተውላት ነበር፤ ሰው ጆሮዬ ሥር ሲያወራብኝ ራሴን ያዞረኛል ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። ሄርሜላ ማን እንደሆነች ስትነግራት ጊዜ አልፈጀባትም። ካርዱን ተቀብላ ከመነጽሯ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ይህቺን እስከ ዛሬ አስቀመጥሻት?»

ሄርሜላ የመጣችበትን ነገረቻት። የውኃው ከፍታ ለምን እንዳስፈለጋት፣ ያን ቀንስ ቆማ ምን ልትል እንደነበር ማወቅ እንደምትፈልግ ነገረቻት። ምናልባት ሐይቁ የወሰደባት ሰው ይኖር ይሆን እያለች ስትሰጋ ነው የኖረችው፤ ይህንንም ሳትደብቅ ተናገረች።

«ኧረ እቴ፣ ማንንም አልወሰደብኝ። ጥያቄው የኔ አልነበረም እኮ» አለች ዘሀራ።

ከዚያ ቁጭ ብላ አወራቻት። ዘሀራ አሥራ አንድ ዓመት የተማሪ ልብስ አጥባለች። ተማሪ ከኪሱ ወረቀት አያወጣም፤ ሁሉንም እሷ ነበረች የምታወጣላቸው። የመጽሐፍ ቁጥር፣ የርዕስ ቁራጭ፣ አንዳንዴም የፍቅር ደብዳቤ። ስምንተኛ ክፍል ስለጨረሰች ታነበዋለች፤ ያልራሰውን ለባለቤቱ ትመልሳለች። ጠዋት ጠዋት የልብሱን እስር ተሸክማ በላይብረሪው መስኮት ሥር ታልፋለች። በመስኮቱ ውስጥ ተማሪዎቹ ይታዩዋታል። አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ማንም አይጠራቸውም፣ ማንም ተነሡ አይላቸውም። እንደዚያ ከሰው መሐል ተቀምጦ፣ ሳይናገሩ መዋል ምን ይመስል ይሆን እያለች ታልፋለች።

አንድ ቀን ደፍራ ጥበቃውን ጠየቀችው። ተማሪ ያልሆነ ሰው የሚገባው ለሪፈረንስ ዴስክ ጥያቄ ሲኖረው ብቻ ነው አላት። ዘሀራ ጥያቄ አልነበራትም። ማታ ግን ከአንድ ሰማያዊ ሱሪ ኪስ «የሐይቁ ውኃ ከፍታ፣ ግንቦት 2011» የሚል ወረቀት አገኘች። በፀሐይ አደረቀችው፣ በቃሏ አጠናችው፣ ይዛው መጣች።

«ሁለቴ አጣሁት ስትዪኝ ደስ አለኝ» አለች። «ተመልሼ እመጣለሁ ማለት ነዋ። ከዚያ አንቺ አገኘሽልኝ። ደስ ብሎሽ፣ ፊትሽ በርቶ፣ በጣትሽ ታሳዪኛለሽ። እኔ ሆዴ ባባ። ጥያቄዬን ጨረስሽብኝ፣ ሌላ ምን ብዬ ልምጣ?»

ዘሀራ ቀጠለች።

«ያን ቀን ቆሜ የነበረው፣ እዚያ ወንበር ላይ ትንሽ መቀመጥ እችላለሁ ወይ ልልሽ ነበር። አፌ አልደፈረም። ነገ ይምጡ አልሽኝ፣ ወላሂ በነጋታው መጣሁ። ጥበቃው ትናንት ተመልሶልሽ የለም ወይ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተመልሶልኛል።»

የኮራችበት ቀን ይህ ነበር። ሄርሜላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ዘሀራ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች አብሽሪ፣ አብሽሪ አለቻት። ትንሽ ቆይታ ሄርሜላ አፍንጫዋን ጠረገችና በዴስክ ድምፅዋ መለሰችላት። ይቻላል። ነገም ይቻላል፣ ከነገ ወዲያም ይቻላል፤ ራሷ መጥታ ትወስዳታለች።

ዘሀራ ግን አልቸኮለችም። ተማሪዎቹ አሁንም እንደዚያ ይቀመጡ እንደሆነ ጠየቀች።

የንባብ አዳራሹ ሁለት መቶ ወንበር አለው። ሰው ስለማይገባበት መብራቱ ራሱን ካጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሄርሜላ በሥራዋ ዋሽታ አታውቅም፣ አሁንም አልዋሸችም። አይቀመጡም አለቻት።

«ባዶ ቤት መቀመጥማ እዚህም እቀመጣለሁ» አለች ዘሀራ። ቅሬታ አልነበረባትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው።

ሄርሜላ ረቡዕን ሙሉ ስታስብ ዋለች። ፈልገን አጣን ብላ ካርዱን መዝጋት ትችል ነበር፤ ደንቡ ይፈቅድላታል። ግን ገና ፈልጋ አልጨረሰችም። ለተማሪዎች ማስታወቂያ ብታወጣ ማንም አይመጣም፤ መላሽ ማስታወቂያውን ከነምክንያቱ ነግሯቸው ይጨርሰዋል። በእጇ የቀራት አንድ ነገር ነበር። እሱም ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት የምትሰጠው የመጨረሻው የፍሬሽማን ትምህርት ነው።

ትምህርቱ በመርሐ ግብሩ ላይ «የመረጃ አጠቃቀም» ይባላል። ተማሪዎቹ «የጾም ሰዓት» ይሉታል። ሥልሳ ፍሬሽማን በር ላይ በተቀመጠ ሰፌድ ውስጥ መላሾቻቸውን ያስቀምጣሉ፣ ይገባሉ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ መላሽ ይቆያሉ። ሄርሜላ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠበብ፣ መጽሐፍ እንዴት እንደሚፈለግ ታስተምራለች። ብዙዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ጠይቁ ሲባሉ በብዛት የሚጠይቁት «ምን ልጠይቅ?» ብለው ነው። ባለፈው ሴሚስተር ሁለት ተማሪዎች ወደ ክሊኒክ ተወስደዋል፤ ሌሎች ዘጠኝ ከትምህርቱ ነፃ የሚያደርግ ወረቀት ከሐኪም አምጥተዋል። ይህ ሁሉ በሪፖርት ተመዝግቧል፣ ያስደነገጠው ሰው ግን የለም።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሄርሜላና ዘሀራ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሩ ላይ ደረሱ። ዘሀራ ለዒድ የምትለብሰውን ለብሳለች። በሩ መዝገብ ላይ የሌለ ሰው አላስገባም አለ። ያቤጽ ወርዶ መጣና በጣም እንደሚያዝን፣ የውጭ ሰው የሚገባበት መንገድ እንደሌለ ነገራቸው።

«አለ» አለች ሄርሜላ። «ያልተመለሰ ጥያቄ ያለው ሰው ይገባል። የእሳቸው ካርድ ይኸውልህ፤ አልፈረምኩም።»

ያቤጽ ካርዱን አገላብጦ አየው። ዴስኩ እስኪዘጋ ደንቡ አለ፣ ዴስኩ የሚዘጋው ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጆሮውን ነካ አደረገ፤ የተነገረውን አልነገራቸውም። በሩን በእጁ ከፈተላቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥልሳዎቹ ፍሬሽማኖች መላሾቻቸውን ሰፌዱ ላይ ጥለው ገቡ። ሄርሜላ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሳይሆን ወደ ንባብ አዳራሹ መራቻቸው። መብራቱ ተራ በተራ እየበራ ሲሄድ አንዳንዶቹ ወደ ጣራው አንጋጠጡ። ዛሬ ምንም አትጠይቁም፣ እኔም አልጠይቃችሁም አለቻቸው። ከመደርደሪያው ደስ ያላችሁን አንሡ፣ ተቀመጡ፣ አንብቡ።

ዘሀራ የራሷን መጽሐፍ ራሷ ልትመርጥ ወደ መደርደሪያዎቹ ሄደች። ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ ማንም አላቻኮላትም። በመጨረሻ ስለ ንብ አያያዝ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት ወፍራም መጽሐፍ ይዛ መጣችና በመስኮቱ አጠገብ፣ ከተማሪዎቹ መሐል ተቀመጠች።

መጀመሪያ አዳራሹ እረፍት አልነበረውም። ወንበር ይንቀጫቀጫል፣ ጣት ወደ ጆሮ ይሄዳል፣ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ከዘሀራ ጎን የተቀመጠችው ልጅ አንድ ገጽ ላይ ቆማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዘሀራ ጣቷን በራሷ መጽሐፍ መስመር ላይ አስቀምጣ ቀስ እያለች ስትጎትት ልጅቷ አየቻት። ልጅቷም ጣቷን መስመሩ ላይ አስቀመጠች። አጠገቧ ያለውም አየና እንዲሁ አደረገ። ዘጠኝ ተኩል ገደማ ሄርሜላ ያን ድምፅ ሰማች፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲያነብ የሚሰማውን፣ ገጽ ሲገለጥ፣ አንዱ ሲያስል፣ ሌላው ወንበሩን ሲያስተካክል። ሃያ ዓመት አልሰማችውም ነበር። እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ አዳራሽ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ተማሪዎቹ ተነሡ፤ አብዛኞቹ ወደ ሰፌዱ ተጋፉ። ሰባቱ አልተነሡም። ሄርሜላ ወደ ዘሀራ ሄዳ ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ፣ ሻይ ላምጣልዎ ወይ ብላ ልትጀምር ስትል ዘሀራ ከመጽሐፉ ቀና ሳትል መዳፏን አንሥታ ዝም አሰኘቻት።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ያቤጽ ቅጹን ይዞ ዴስኩ አጠገብ መጣ። በአዳራሹ በር በኩል ትንሽ አየ፤ ከዚያ ቅጹን አስቀምጦ ድምፅ ሳያሰማ ጠበቃት። ሄርሜላ ከዴስኳ ጀርባ ተቀመጠች፣ ቅጹን አንብባ ፈረመች። ቀጥላ ካርዱን አወጣች። ስለ ውኃው ከፍታ የሚናገረውን መስመር ሰረዘችና ከሥሩ «እዚህ ትንሽ መቀመጥ እችላለሁ ወይ?» ብላ ጻፈች። ከግርጌ «መልስ» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ ብዕሯን አሳረፈች።

«ተቀምጠዋል» ብላ ጻፈች።